ቢቸና ቆማ የዋለችበት ማክሰኞ

የቢቸና ዘመናዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1954 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ የተመዘገበው ደግሞ በ1955 ዓ.ም. መስከረም። በመካከሉ ያለውን አንድ ዓመት መምህሩ ጠዋት በሩን ሲከፍት፣ ወንበሮቹን ሲወለውል፣ ማታ በሩን ሲዘጋ ከረመ። ሥራ ፈትቶ ነበር እንዳይባል ጣሪያውን ሁለት ጊዜ አስከድኗል።

መምህሩ ሃምሳ አለቃ ውበቴ ይባላል። ዕድሜውን በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ጡሩንባ ሲነፋ ኖሮ፣ አንድ ቀን የአዛዡን በቅሎ ከኋላዋ ሲያልፍ ወዳጅ መስላው መታ መታ ቢያደርጋት ሁለት የፊት ጥርሶቹን በእርግጫ አወለቀችለት። የፊት ጥርስ የሌለው ነፊ ለሠራዊት ምን ይሠራል? በጡረታ አሰናበቱት። እሱም ከዕቃ ግምጃ ቤት የተጣሉ ሰባት አሮጌ መሣሪያዎች በአደራ ፈርሞ ወሰደ፤ እስከ ደጀን በጭነት መኪና፣ ከደጀን ወዲህ በአጋሰስ ጭኖ አገሩ ቢቸና ገባ። የእህል ጎተራ የነበረ ቤት አገኘና ስሙን በቆርቆሮ ላይ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለው።

የቢቸና ሰው ቆርቆሮውን አነበበና "አዝማሪ ቤት" ብሎ ተረጎመው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። የትኛው የጨዋ ልጅ ነው አዝማሪ ለመሆን የሚመዘገብ? የመጀመሪያው ተማሪ ሆኖ የመጣውም እውነተኛው አዝማሪ ፋንታ ነበር። ውበቴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አምስት መስመር አስምሮ ነጠብጣብ ሲደረድር፣ ፋንታ መሰንቆውን አቅፎ ሰባት ቀን ሙሉ በትዕግሥት ተመለከተ። በስምንተኛው ቀን ተነሣ።

"ጌታዬ፣ እኔ የሰው ፊት አይቼ ነው የምዘፍን። ይኸ ሰሌዳ አይስቅ፣ አያለቅስ፣ አይሸልም። እንግዲህ ይቅርብኝ።"

"በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" አለ ውበቴ ጮክ ብሎ። በልቡ ግን ክፉኛ አዘነ፤ በመዝገቡ ላይ የነበረው አንድ ስም ነውና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ውበቴን የሚያንገበግበው የየኔታ ነገር ነበር። መሪጌታ አካለ ወልድ የዜማ ጉባኤ ቤታቸው ከሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ መንገድና አንድ ቁልቋል ብቻ ነው። ውበቴ በልጅነቱ የሳቸው ተማሪ ነበር። የኔታ ደግሞ አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው። ዜማ ሲያስጠኑ ተማሪዎቹ በክብ ይቆማሉ፤ አንዱ ብሎ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ የመጨረሻው ተማሪ ሳይል ዜማው አይዘጋም። አንድ ሰው ከቀረ እንደገና ከሥር ይጀመራል። ቢርብም ይጀመራል፣ ቢዘንብም ይጀመራል። መዘጋቱ የሚታወቀው የኔታ ከፍ አድርገው የያዙትን መቋሚያ መሬት ሲያሳርፉ ነው።

በ1935 ዓ.ም. አንድ ቀን ተራው ዞሮ ዞሮ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ውበቴ ዘንድ ደረሰ። ውበቴ "የኔታ፣ ውሃ ልጠጣ" ብሎ ወጣ። ውሃውን የጠጣው ደጀን ነው። ከደጀንም በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ አዲስ አበባ ገባ፤ ቁመቱን አይተው ጡሩንባ አስያዙት።

ለምን እንደ ሮጠ ለማንም፣ ለሚስቱ ለይርጋነሽ እንኳ፣ ተናግሮ አያውቅም። ያን ሰሞን ድምፁ ተሰብሮበት ነበር። አፉን በከፈተ ቁጥር የሚወጣው የፍየል ጩኸት ነበርና የኔታ ፊት መሳቂያ መሆንን ፈራ፤ በቃ ይኸው ነው።

ከተመለሰ ወዲህ የኔታ አንድ ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ለሰው ሲያወሩ "ያ ነፊው" ይሉታል። እጅ ነሥቶ "እንደምን አደሩ፣ የኔታ?" ሲላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይሉና ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ውበቴ በሦስት ዓመት ውስጥ የየኔታን ዓይን አላየም።

በኅዳር 1957 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ደብዳቤ መጣ። ትምህርት ቤቱን የሚመረምር ሹም በጥር ወር ይመጣል ይላል። ትምህርት ቤቱ ሃያ ተማሪ ከሌለውና ለንጉሠ ነገሥቱ ክብር የሚቆምለትን የሕዝብ መዝሙር አሟልቶ መጫወት ካልቻለ፣ ፈቃዱም ሰባቱ መሣሪያዎችም ወደ ሞጣ ይዛወራሉ፤ የሞጣው ነጋዴ ሐጂ አብዱልዋሂድ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት በነጻ ሊሰጡ ቃል ገብተዋልና።

ውበቴ መዝገቡን ገለጠ። ሦስት ተማሪ አለው። አንዱ የሚስቱ ወንድም ነው፤ አንዱ የሚስቱ ወንድም ጓደኛ ነው፤ ሦስተኛው መዝገቡ ባዶ እንዳይመስል ያስገባው የገዛ ራሱ ስም ነው። ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ከዚህ ቤት ሌላ ምንም የለውም። ጥርሱ ሄዷል፣ ወጣትነቱ ሄዷል፣ ይኸም ከሄደ ነገ ጠዋት ምን በር ይከፍታል?

ይርጋነሽ ግን የተቀመጠ ሰው አትወድም። እንስራዋን አዝላ ወንዝ ወረደችና ለአንዲት ሴት በምስጢር ነገረቻት። ከቀትር በኋላ ምስጢሩን ያልሰማ የቢቸና ሰው አልነበረም። አይ ሰው! እስከዚያች ቀን ድረስ ትምህርት ቤቱ ቢቃጠል አንድ ቅል ውሃ የማያቀብለው ሁሉ፣ ሞጣ ልትወስደው ነው ሲባል ደሙ ፈላ።

በማግስቱ ማለዳ የኔታ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ከኋላቸው አሥራ ስምንት ደብተራዎች ተከትለዋል።

"አንተ ነፊ፣ ሞጣ ናት አሉ ልትወስደው ያለች?" አሉ፣ ዓይናቸውን ከሰማይ ሳያወርዱ።

"አዎ፣ የኔታ።"

"ቆርቆሮ ክዳን አለን ብለው?"

"አላቸው፣ የኔታ።"

"የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ! አዝማሪ ቤት ቢሆን የኛ አዝማሪ ቤት ነው። እነዚህን መዝግብ።"

ውበቴ አንድ በአንድ መዘገበ። ሃያ አንድ ሞላ። "እርስዎስ፣ የኔታ?"

"እኔማ በስተርጅና ከማን ልማር? የምመጣ እነዚህ እንዳይበላሹብኝ ለመጠበቅ ነው።"

ትምህርቱ በሰሌዳው ተጀመረ፤ ብዙም አልገፋ። የኔታ አምስቱን መስመር በመቋሚያቸው ጫፍ አንድ በአንድ ነኩ።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ዜማው የተጻፈበት ነው፣ የኔታ። ነጠብጣቡ ወደ ላይ ሲወጣ ድምፅ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል።"

"መስመሩስ?"

"ከፍታውን ይለያል።"

"የኛ አባቶች ምልክቱን ከቃሉ ራስ ላይ ጽፈው ለቀቁት፤ የለመደ ዜማ ቤቱን ያውቃል። የናንተ ምን አመል ቢኖረው ነው በአምስት አጥር ያጠራችሁት? ይሸሻል?"

ውበቴ ሰሌዳውን አጠፋ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በቃል ሆነ። እሱ በአፉ ያዜማል፤ ደብተራዎቹ ተቀብለው ይሉታል፤ አንድ ጊዜ ከሰሙ አይስቱትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ዘወትር ዜማ የበላ ጆሮ ነውና በወሩ ሰባቱ ነፊ ሆኑ። ጡሩንባው ቶሎ እጅ ሰጠ፤ ባስ የሚባለው ትልቁ ጡሩንባ ግን አንድ ወፍራም ደብተራ ካልነፋው እንቢ አለ። ውበቴ በደስታ እንቅልፍ አጣ። የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መሣሪያ የሌላቸው የቀሩት ምን ይሥሩ?

"ስለ እነሱ አታስብ" አሉት የኔታ።

ማሰብ የነበረበት ያኔ ነው።

በምርመራው ዋዜማ ውበቴ ሁሉንም ሰብስቦ አስጠነቀቀ። "እንግዶቹ ሲመጡ መዝሙሩን አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንጫወታለን። ከዚያ እንግዶቹ ይቀመጣሉ።"

"አንድ ጊዜ?" አሉ የኔታ።

"አንድ ጊዜ፣ የኔታ።"

"ለንጉሥ?"

"ለንጉሥ።"

የኔታ ለታመመ ሰው እንደሚባለው "እግዚአብሔር ይማርህ" ብለውት ወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ከአራት ሰዓት ጀምሮ ቢቸና በትምህርት ቤቱ ግቢ ሞልታ ፈሰሰች። የአውራጃው ገዥ የክብር ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። መርማሪው አቶ ገብረ ሕይወት ክራባት አስረው፣ ሾጠጥ ያለ አዲስ ጥቁር ጫማ ተጫምተው ከበቅሎ ወረዱ፤ ጫማው እግራቸውን ሲበላው እንዳደረ ከአረማመዳቸው ያስታውቃል። ከሞጣ ሐጂ አብዱልዋሂድ ሦስት ባዶ በቅሎና ሰባት ባዶ ጆንያ ይዘው ደርሰዋል። ሰውየው የመጡት ሊያዩ ሳይሆን ሊጭኑ እንደሆነ ጆንያውን ያየ ሁሉ ገባው። ይርጋነሽ በጓሮ ዶሮ ወጥዋን ጥዳለች።

ውበቴ ከሠራዊቱ ያመጣትን ቀጭን በትር አነሣ። እንግዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ገዥው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንሥተው ሰላምታ ሰጡ። ሰባቱ ነፉ። እንዴት አድርገው ነፉ! ውበቴ በአዲስ አበባ አደባባይ እንኳ እንዲህ ንጹሕ ድምፅ አልሰማም። መዝሙሩ አለቀ። አቶ ገብረ ሕይወት ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ወንበራቸው ዝቅ ማለት ጀመሩ።

ገና ወንበሩን ሳይነኩ በግራ በኩል የቆሙት ደብተራዎች መዝሙሩን ከሥር አነሡት።

በማኅሌት ሥርዓት ቀኙ ያለውን ግራው ሳይመልስ አይቀርም፤ ይህን ቢቸና ሁሉ ያውቃል። አቶ ገብረ ሕይወት ግን የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ቀጥ ብለው ተነሡ። ግራው ሲጨርስ እንደገና ዝቅ አሉ። አሁን ደግሞ መቋሚያው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሰ። ደብተራዎቹ መዝሙሩን በዝማሜ፣ በመቋሚያ እየተወዛወዙ፣ ቀስ አድርገው ይሉት ገቡ። መርማሪው ተነሡ።

ውበቴ በትሩን "አቁሙ!" ለማለት ወደ ላይ አነሣ። ደብተራዎቹ መምህራቸው ገብቶት አብሯቸው መዝመም የጀመረ መስሏቸው ደስ አላቸው። በትሩን ግራና ቀኝ አወዛወዘ፤ ይበልጥ አማረላቸው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እነዚህስ ሳያውቁ ነበር። ባጠገባቸው ተደብቆ የነበረው የጉባኤ ቤቱ መለማመጃ ከበሮ ወጣ፣ ጸናጽሉም ተከተለ። አሁን መዝሙሩ በጸናጽልና በከበሮ ሊባል ነው። ቀኙ ብሎ ለግራው ሊሰጥ ነው። ከዚያ በጭብጨባ አለ። ከዚያ ደግሞ የመጨረሻው ወረብ ቀጠለ።

የሕዝብ መዝሙር ሲዘመር ደግሞ አይቀመጡም። ይህ የመንግሥት ሕግ ነው።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። አቶ ገብረ ሕይወት ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ገዥው ዘንበል አሉ።

"ክቡርነትዎ፣ ያስቁሟቸው እንጂ።"

"እኔ?" አሉ ገዥው። "የጃንሆይን መዝሙር አስቆመ ልባል?"

"ታዲያ ማን ያስቁም?"

"እርስዎ መርማሪ ነዎት። ይመርምሩ።"

ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ፊት መልሰው ቆሙ። ጥር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የገዥው ሰላምታ ከግንባራቸው ወደ ጆሯቸው፣ ከጆሯቸው ወደ አገጫቸው ወረደ። መርማሪው እንደ ሽመላ አንዱን እግር በአንዱ ይለዋውጣሉ። ሐጂ አብዱልዋሂድ ሰባቱን ጆንያ በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ በሃይማኖታቸው ትዕግሥት ይለምናሉ መሰል። የቢቸና ሕዝብ ብቻ መቆም ብርቁ አይደለምና ይደሰታል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ይርጋነሽ በጓሮ በር ብቅ እያለች ወጡ መድረቁን በእጅዋ ታሳያለች።

አንድ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ተኩል ሞላ። ወረቡ አለቀ። ውበቴ "ተመስገን" አለ። ቀኙ መዝሙሩን ከሥር አነሣው።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ውበቴ ማልቀስ ቃጣው። ጆንያዎቹን አየ። ነገ ባስ በአንዱ፣ ጡሩንባ በአንዱ ተከትቶ ወደ ሞጣ ሲጓዝ ታየው። ባዶው ጎተራ ታየው። በመጨረሻም እንዲምሩት ለመለመን ወደ የኔታ ዞረ።

የኔታ ሰማይ አያዩም ነበር። እንግዶቹንም አያዩም ነበር። መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ውበቴን ያያሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትክ ብለው ውበቴን ያያሉ።

ውበቴ ደብተራዎቹን አየ። በክብ ቆመዋል። አሥራ ስምንቱ ብለዋል። የሚስቱ ወንድም ብሏል፤ ጓደኛውም እንደምንም ብሏል። በመዝገቡ ላይ ሃያ አንድ ስም አለ። ያላለው አንዱ ተማሪ ከመካከል ቆሞ ቀጭን በትር ያወዛውዛል።

ያ የልጅነት ፍርሃት ከነጓዙ ተመለሰ፤ "ውሃ ልጠጣ" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። የውሃውን መንገድ ግን አሁን ያውቀዋል። በትሩን ጣለና ከአንዱ ደብተራ እጅ ጡሩንባውን ተቀበለ። ሁሉም ዜማውን ለሱ ለቀቁለት። በቅሎዋ ከረገጠችው ወዲህ ሰው ፊት ነፍቶ አያውቅም። ጡሩንባውን ጥርስ ወዳለበት ወደ አፉ ጥግ ወሰደና ነፋ።

የመጀመሪያው ድምፅ ተሰበረ። ልክ የዚያን ጊዜው ፍየል! ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ሳቀ። ውበቴ ዓይኑን ከየኔታ ላይ አልነቀለም፤ ቀጠለ። ነፋሱ በጥርሱ ክፍተት ፉጨት እየሆነ ያመልጣል፤ ዜማው ግን ይሄዳል፣ ያነክሳል፣ ይሄዳል። መዝሙሩን ብቻውን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረሰው።

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት አሳረፉ።

ሹማምንቱ ባንድ ላይ ወንበራቸው ላይ ወደቁ። ገዥው የቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ይዘው አወረዱት። አቶ ገብረ ሕይወት ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን እያሹ፣ ወረቀትና ብዕር ጠየቁ። ውበቴ ከፊታቸው ቆሞ ፍርዱን ይጠብቃል። መርማሪው ምን ብለው ይጻፉ? የጃንሆይ መዝሙር ረዘመብኝ ብሎ የጻፈ ሹም ቀጥሎ የሚጽፈው የይቅርታ ማመልከቻ ነው። እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "ትምህርት ቤቱ ሃያ አንድ ተማሪ አለው። የሕዝብ መዝሙርን አሟልቶ ይጫወታል። በቢቸና ይጽና።" ከ"አሟልቶ" ሥር ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ሐጂ አብዱልዋሂድ ሰባቱን ጆንያ ለይርጋነሽ አስረከቡ። "ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ እህል ይያዙባቸው። ሞጣ ለዚህ የሚሆን ጉልበት የላትም።" ዶሮውን እሳቸው ባይበሉም ዳቦና ማር በልተው ሲጨርሱ ግን ልባቸው ተመለሰ። "ቆርቆሮ ቤቱ እንደሆነ ቃሌ ቃል ነው፤ ሁለት ነፊ ብትልኩልን ልጆቻችንን ያስተምሩ ነበር። ብቻ መሪጌታው አይድከሙ።"

በ1959 ዓ.ም. የሞጣው ቅርንጫፍ የተከፈተው እንዲህ ነው። ቢቸና ደግሞ ከምርመራው ቀጥሎ በመጣው መስከረም አርባ ስድስት ተማሪ መዘገበች፤ አዝማሪው ፋንታም ተመልሶ መጣ፣ የዚህ ጊዜስ አስተማሪ ሆኖ። ሰሌዳው ለይርጋነሽ የእንጀራ ማቅረቢያ ሆነ።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እንግዶቹ ከተሸኙ ወዲህ፣ ውበቴ በቅል ውሃ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። የኔታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቅሉን በሁለት እጁ አቀረበላቸው፤ ተቀብለው ጠጡ።

"የኔታ፣ ሰውየው እኮ እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ አለው። በባዶ እግሩ ነው በቅሎ ላይ የወጣ።"

"ምን ያህል ቆመ?"

"ሁለት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረው።"

የኔታ ቅሉን መለሱለት። "እኔ ውሃ ጠጥቶ ይመጣል ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። ማን አዘነልኝ?"

ውበቴ መሬት መሬት አየ። "ድምፄ ተሰብሮ ነበር፣ የኔታ። ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ዛሬም ፍየል ነው።" ከአጠገባቸው ያለውን መደብ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉለት። "በል ተቀመጥ፣ ውበቴ።"